ቁንጮ (የጤፍ ዝርያ)

ቁንጮ በኢትዮጵያ ሁለት የጤፍ ዝርያዎችን በማዳቀል የተገኘ፣ ነጭ ፍሬ ያለው ምርታማ የጤፍ ዝርያ ነው። የምርምር መለያው ዲዜድ-ሲአር-387 ሲሆን፣ «ዲዜድ» ደብረ ዘይትን፣ «ሲአር» ደግሞ ማዳቀልን ያመለክታል። ዝርያው በደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ) ግብርና ምርምር ማዕከል ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ለአርሶ አደሮች ተለቀቀ።

የማዳቀሉ ችግር

ጤፍ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ተክል ነው። አበባው እጅግ ትንሽ ከመሆኑም በላይ የሚከፈተው ማለዳ ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ ዝርያ ያሻሽሉ የነበረው ከአርሶ አደሩ ማሳ ከተሰበሰበ ዘር የተሻለውን በመምረጥ ብቻ ነበር። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ታረቀ በርሄ የተባሉ ተመራማሪ አበባው ከንጋቱ 12፡45 እስከ 1፡30 ባለው ጊዜ እንደሚከፈት ደረሱበት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዝርያዎችን በእጅ ማዳቀል ተቻለ። ሥራው የሚከናወነው በማጉያ መሣሪያ ነው፤ እናት እንድትሆን ከተመረጠችው አበባ ሦስቱ ወንዴ አካላት ይወገዱና፣ ከአባት ተክል የተወሰደ የአበባ ዱቄት ይደረግባታል።

ወላጆቹ

የቁንጮ ወላጆች ዱከም (ዲዜድ-01-974) እና ማኛ (ዲዜድ-01-196) ናቸው። ዱከም ብዙ ምርት ይሰጣል፤ የፍሬው ቀለም ግን ገበያው የሚፈልገውን ያህል ነጭ አይደለም። ማኛ በጣም ነጭና ተፈላጊ ቢሆንም ምርቱ ያንሳል። በገበያ ጤፍ ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛና ቀይ እየተባለ በቀለሙ ስለሚለይ ዋጋውም እንደዚያው ይለያያል። ስለዚህ ምርታማነት ብቻውን አርሶ አደሩን አያሳምንም ነበር። ከተዳቀሉት ዘሮች በየትውልዱ ከእያንዳንዱ ተክል አንድ ፍሬ እየተወሰደ ተዘራ፤ ጠባያቸው ከጸናም በኋላ የሁለቱን ወላጆች መልካም ጎን የያዘው መስመር ተመረጠ።

ስርጭት

ቁንጮ ማለት በአናት ላይ የሚተው ጸጉር ሲሆን፣ «የበላይ» የሚል ትርጉምም አለው። ዝርያው በመጀመሪያ በአድአ አካባቢ፣ ቀጥሎም አማራን ጨምሮ በሌሎች ክልሎች በአርሶ አደሮች ማሳ ተስፋፋ። በጥሩ አያያዝ በሄክታር ከ20 ኩንታል በላይ ይሰጣል። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው እንፍራንዝና በሌሎች የጣና ዙሪያ አካባቢዎችም ጤፍ ስለሚዘራ፣ የፍሬው ንጣት ለሻጩ የሚያስገኘው ጥቅም በዚያም ያው ነው።

ቀሪ ችግሮች

ቁንጮ የጤፍን ዋና ችግር አልፈታም፤ ይህም መጋሸብ፣ ማለትም ቀጭኑ አገዳ ዝናብና ነፋስ ሲበረታ ወድቆ መሬት ላይ መተኛቱ ነው። ማዳበሪያ ሲበዛ ተክሉ ስለሚረዝም ችግሩ ይብሳል። እርጥበት ለሚያጥራቸው አካባቢዎች ቶሎ የሚደርሰው ቦሰት እ.ኤ.አ. በ2012 ተለቀቀ፤ አጭርና ጠንካራ አገዳ ያለው ጤፍ ለማግኘትም ማዳቀሉ ቀጥሏል። አንድ ዝርያ በሰፊው ሲዘራ የአገር በቀል ዘሮች ሊጠፉ ይችላሉ። የወደፊት ማዳቀል ግን የሚቆመው በእነዚሁ ዘሮች ላይ ስለሆነ፣ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በአዲስ አበባ በተቋቋመው የዘር ባንክ ይጠበቃሉ።