ሳይጣደፉ በእግር መጓዝ፡- ከየካ እስከ እንጦጦ

ጠዋት ከቤት እስከ ታክሲ፣ ቀን ከወንበር እስከ ስብሰባ፣ ማታ ከታክሲ እስከ ሶፋ፡፡ የብዙ የአዲስ አበባ የቢሮ ሠራተኞች የዕለት እንቅስቃሴ ከዚህ አያልፍም፡፡ የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ደግሞ ድምፅ አጥፍተው የሚመጡ በመሆናቸው፣ ብዙ ሰው ያለበትን ደረጃ የሚያውቀው ለሌላ ጉዳይ ሐኪም ቤት ሄዶ ሲለካ ነው፡፡ እነዚህን ሕመሞች ለመከላከል ከሚረዱት መንገዶች ወጪ የማይጠይቀው በተለምዶ ‹‹ወክ›› የምንለው የእግር ጉዞ ነው፡፡

ጥናቶች ምን ይላሉ?

እ.ኤ.አ. በ1953 ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቻቸው ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ያሳተሙት ጥናት የለንደን ባለፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞችን ያነጻጸረ ነበር፡፡ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ከሚውሉት ሾፌሮች ይልቅ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቆራጮች በልብ ሕመም የሚያዙት ባነሰ ቁጥር ሆኖ ተገኘ፡፡

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል፡፡ ይህ በሳምንት አምስት ቀን የ30 ደቂቃ ጉዞ ማለት ነው፡፡ በየቦታው የሚጠቀሰው ‹‹10,000 እርምጃ›› ግን የሐኪም ትዕዛዝ ሆኖ አልተጀመረም፡፡ መነሻው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጃፓን ውስጥ የተሸጠ የእርምጃ መቁጠሪያ መሣሪያ ስም ነው፡፡

ጥቅሙ ከልብ ይጀምራል እንጂ በዚያ አያበቃም፡፡ የእግር ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ከደም ውስጥ ስኳር ስለሚወስድ ከምሳ ወይም ከእራት በኋላ ጥቂት መራመድ ይረዳል፡፡ የጠዋት ብርሃንም የሰውነትን የእንቅልፍ ሰዓት ያስተካክላል፡፡

የት መሄድ ይቻላል?

በየካ ክፍለ ከተማ ለሚኖር ሰው ተራራው ከጓሮው ነው፡፡ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ እንጦጦ፣ ወይም ከአለት ተፈልፍሎ ወደተሠራው ዋሻ ሚካኤል በየካ ተራራ መውጣት ይቻላል፡፡ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበት የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያንም ከዚያው ሰንሰለት ላይ ይገኛል፡፡ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ደግሞ የተዘጋጀ የእግር መንገድ አለው፡፡ ጊዜ ያጠረው ሰው ከዋናው አስፋልት ርቆ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ቢሄድ ከመኪና ጭስ ይድናል፡፡

ለምን ሳይጣደፉ?

እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፡፡ በዚህ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጂን በባሕር ጠረፍ ከሚገኘው በ30 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው፡፡ ስለዚህ ዳገቱን ቀስ ብሎ መውጣት ብቻ ልብን በበቂ ያሠራል፡፡ መለኪያው ቀላል ነው፡- እያወሩ መሄድ ከተቻለ ፍጥነቱ ልክ ነው፣ ቃል ከተቆራረጠ መቀነስ ያስፈልጋል፡፡

መጠንቀቅ የሚገባው

ደረት ላይ ሕመም፣ ማዞር ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ከተሰማ ቆሞ ሐኪም ማማከር ይገባል፡፡ ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎች ከረሜላ ወይም ስኳር ቢይዙ ይመረጣል፡፡ ጫካው ውስጥ ጅብ ስላለ ሳይነጋና ከመሸ በኋላ አለመሄድ፣ ቀንም ቢሆን ከጓደኛ ጋር መሆን ይበጃል፡፡ ክረምት ላይ ጭቃው ስለሚያንሸራትት ጫማ መምረጥ የግድ ነው፡፡

በዚያው መንገድ በባሕር ዛፉ መሐል ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው ቁልቁል የሚወርዱ እናቶች ያጋጥማሉ፡፡ ለእነርሱ ጉዞው ጀርባ የሚሰብር የዕለት እንጀራ ነው፡፡ ያለ ሸክም መራመድ የቻለ ሰው ዕድለኛ ነውና መንገድ ይልቀቅላቸው፤ ዕድሉንም በሶፋ ላይ አያባክነው፡፡ ለመጀመር አሥር ደቂቃ ይበቃል፡፡