የተግባራዊ ሽጉጥ ተኩስ ውድድር አጀማመር

ተግባራዊ የሽጉጥ ተኩስ ተወዳዳሪው በአንድ ስፍራ ቆሞ በአንድ ዒላማ ላይ ከሚያነጣጥርበት የኦሊምፒክ ተኩስ የሚለይ የስፖርት ዓይነት ነው። ተኳሹ ሽጉጡን ከማህደሩ አውጥቶ፣ ከቦታ ወደ ቦታ እየተንቀሳቀሰ፣ በግድግዳዎችና በበርሜሎች የተከለሉ በርካታ ዒላማዎችን እየፈለገ ይመታል። የሚመዘነውም በትክክለኛነቱና በፍጥነቱ በአንድነት ነው። ስፖርቱ እስካሁን በኦሊምፒክ ጨዋታዎች ያልተካተተ ቢሆንም የበላይ አካሉ የሆነው ዓለም አቀፉ የተግባራዊ ተኩስ ኮንፌዴሬሽን ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካንና ኬንያን ጨምሮ በርካታ አገሮችን በአባልነት አቅፎ ይዟል።

የስፖርቱ መነሻ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት ይካሄዱ የነበሩ ሽጉጥ ፈጥኖ የማውጣት ውድድሮች ናቸው። የውድድሮቹ ግንባር ቀደም አዘጋጅ የነበሩት የአሜሪካ የባሕር ኃይል እግረኛ ጦር ጡረተኛ ሌተና ኮሎኔል ጄፍ ኩፐር ሲሆኑ፣ ዓላማቸውም ሽጉጥ ራስን ለመከላከል በሚያስፈልግበት ጊዜ የትኛው አያያዝና የትኛው ዘዴ እንደሚሻል በውድድር መፈተን ነበር። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1975 በስዊዘርላንድ ዙሪክ ከተማ ተካሂዶ አሜሪካዊው ሬይ ቻፕማን አሸናፊ ሆኗል። በቀጣዩ ዓመት በግንቦት ወር ከተለያዩ አገሮች የተውጣጡ ተኳሾች በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት ኮሎምቢያ ከተማ ተሰብስበው ኮንፌዴሬሽኑን ሲመሠርቱ ኩፐር የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነው ተመርጠዋል። የድርጅቱ መሪ ቃል በላቲን ቋንቋ የተጻፉ ሦስት ቃላት ሲሆኑ ትርጉማቸው ትክክለኛነት፣ ኃይልና ፍጥነት ማለት ነው። ከሦስቱ አንዱ ብቻውን አያሸንፍም፤ የነጥብ አሰጣጡም የተቀመረው በዚሁ መንፈስ ነው።

ከጊዜ በኋላ ውድድሩ ከራስ መከላከያ ሥልጠና እየራቀ ወደ ንጹሕ ስፖርት አምርቷል። ኩፐር ራሳቸው ተወዳዳሪዎች ለውድድር ብቻ የተሠሩ መሣሪያዎችን መጠቀማቸውን ሲነቅፉ የቆዩ ሲሆን፣ በዚሁ ቅሬታ የተነሣሡ አሜሪካውያን ተኳሾች እ.ኤ.አ. በ1996 ሌላ ማኅበር መሥርተዋል። በኮንፌዴሬሽኑ በኩል ግን ለውጡ በይፋ ተቀባይነት አግኝቷል። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚተኮስበት የካርቶን ዒላማ የሰውን ቅርጽ የማያስታውስ ስምንት ማዕዘን ያለው ሲሆን፣ ደንቡም ከፖሊስና ከሠራዊት አባላት በስተቀር ተወዳዳሪዎች ወታደራዊ ልብስ ለብሰው እንዲቀርቡ አያበረታታም።

ለጀማሪ የመጀመሪያው ጥያቄ የመሣሪያ ሳይሆን የሕግ ጥያቄ ነው። በታላቋ ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1996 በስኮትላንድ ደንብሌን ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት ከተፈጸመው ግድያ በኋላ በ1997 በወጡ ሕጎች የሽጉጥ ባለቤትነት በአብዛኛው በመከልከሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የዓለም ሻምፒዮናን በቢዝሊ ያስተናገደችው አገር ተወዳዳሪዎች በሽጉጥ ለመለማመድ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ተገደዋል። በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ መያዝ በመሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ቢሆኑ ነገሩን በጥንቃቄ ሊያዩት ይገባል። በዚያ አገር የፌዴራል ሕግ የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ያለው የውጭ ዜጋ መሣሪያ መያዝ የሚችል ሲሆን፣ በጊዜያዊ ቪዛ የገባ ጎብኚ ወይም ተማሪ ግን በሕጉ ከተዘረዘሩ ጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር ሽጉጥም ሆነ ጥይት መያዝ አይፈቀድለትም። በተኩስ ሜዳ መሣሪያ ተከራይቶ ለአንድ ሰዓት መተኮስም እንደ መያዝ ስለሚቆጠር፣ ወዳጅ ጋብዞኛል ብሎ መሄድ ከባድ የወንጀል ክስና የመኖሪያ ፈቃድ ችግር ሊያስከትል ይችላል። ከዚህም ባሻገር የየግዛቱ ሕግ ስለሚለያይ የሕግ ባለሙያ ማማከር ተገቢ ነው።

የሕጉ ጉዳይ ከተጣራ በኋላ መሣሪያ ይመረጣል። ኮንፌዴሬሽኑ ተወዳዳሪዎችን እንደ ሽጉጣቸው ዓይነት በምድብ ይከፋፍላል። ኦፕን በሚባለው ምድብ የኤሌክትሮኒክስ ማነጣጠሪያና የእርግጫ መቀነሻ የተገጠመለት ሽጉጥ ይፈቀዳል። ስታንዳርድ፣ ክላሲክና ሪቮልቨር የሚባሉ ምድቦችም አሉ። ለጀማሪ የሚመቸው ፕሮዳክሽን የሚባለው ነው፤ በዚህ ምድብ ከፋብሪካ እንደወጡ የሚሸጡና ብዙም ማሻሻያ ያልተደረገባቸው ሽጉጦች የሚወዳደሩ ሲሆን፣ ሲጀመር በአንድ ካዝና ውስጥ ሊኖር የሚችለው ጥይት ከ15 አይበልጥም። ባለ 9 ሚሊ ሜትር ተራ ሽጉጥ፣ ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ ማህደር፣ የማይለጠጥ ቀበቶ፣ አራት ወይም አምስት ካዝናና የካዝና መያዣዎች፣ የዓይንና የጆሮ መከላከያ ካሉ ለመጀመሪያው ውድድር በቂ ነው። ለስላሳ የጨርቅ ማህደር ሽጉጡ ሲመለስበት ስለሚታጠፍ አደገኛ ነው። ውድ መሣሪያ ገዝቶ መጀመር አያስፈልግም፤ በዚያ ገንዘብ ጥይት ገዝቶ መለማመድ የበለጠ ይጠቅማል።

ጥይቱም መስፈርት አለው። የእርሳሱ ክብደት በግሬይን ተወስዶ በሰከንድ በሚጓዘው ጫማ ይባዛና ለ1,000 ይካፈላል። ለምሳሌ 124 ግሬይን ወይም 8 ግራም ያህል የሚመዝን እርሳስ በሰከንድ 1,050 ጫማ ማለትም 320 ሜትር ያህል ቢጓዝ ውጤቱ 130 ይሆናል። ዝቅተኛው መስፈርት 125 በመሆኑ ይህ ጥይት ተቀባይነት ያገኛል። ከዚህ ከፍ ያለ ኃይል ያለው ጥይት በሚፈቀድባቸው ምድቦች የሚተኩስ ሰው ከዒላማው መሀል ውጪ ለሚመታው የተሻለ ነጥብ ያገኛል፤ በምላሹ የሽጉጡን ብርቱ እርግጫ መቋቋም ይኖርበታል። በፕሮዳክሽን ምድብ ግን የሁሉም ተወዳዳሪ ነጥብ የሚያዘው በዝቅተኛው ደረጃ ነው።

የነጥብ አሰጣጡ ለአዲስ ሰው ግራ የሚያጋባ ይመስላል እንጂ ሂሳቡ ቀላል ነው። በካርቶን ዒላማ ላይ ኤ፣ ሲና ዲ የተባሉ ክልሎች አሉ። በዝቅተኛው የጥይት ደረጃ ኤ 5፣ ሲ 3፣ ዲ 1 ነጥብ ያስገኛሉ። አብዛኛውን ጊዜ በእያንዳንዱ ካርቶን ላይ ሁለት ምት የሚጠበቅ ሲሆን፣ የብረት ዒላማ ግን መውደቅ ብቻ ይበቃዋል። አንድ ምት ሲሳት 10 ነጥብ ይቀነሳል። መመታት የሌለበትን ነጭ ዒላማ መምታትም በተመሳሳይ 10 ነጥብ ያስቀጣል። በመጨረሻ የተገኘው ነጥብ ለፈጀው ሰከንድ ተካፍሎ የውጤት ምጣኔ ይገኛል።

12 ጥይት በሚተኮስበት አንድ ጣቢያ ሊገኝ የሚችለው ከፍተኛ ነጥብ 60 ነው። አንደኛው ተወዳዳሪ አሥር ኤና ሁለት ሲ መትቶ 56 ነጥብ በ8 ሰከንድ ቢያገኝ ምጣኔው 7 ይሆናል። ሁለተኛው ስድስት ኤና ስድስት ሲ መትቶ 48 ነጥብ በ6 ሰከንድ ቢያገኝ ምጣኔው 8 ስለሚሆን ጣቢያውን አሸንፎ 60ውን ነጥብ ይወስዳል፤ ጥንቁቁ ተኳሽ 52.5 ይደርሰዋል። ይሁንና ፈጣኑ ተኳሽ ከስድስቱ ኤ አንዱን ቢስት ነጥቡ ወደ 43 ወርዶ፣ ቅጣቱ ሲቀነስ 33 ይቀራል፤ ምጣኔውም 5.5 ይሆናል። በዚህ ጊዜ አሸናፊው ጥንቁቁ ሲሆን የፈጣኑ ድርሻ ከ60 ወደ 47 ገደማ ያሽቆለቁላል። አንዲት የሳተች ጥይት በሁለት ሰከንድ ፍጥነት የተገኘን ብልጫ ሙሉ በሙሉ አጥፍታለች። ጀማሪዎች ፈጥነው እየተኮሱ ከዝርዝሩ ግርጌ የሚገኙትም በዚህ ምክንያት ነው።

የጣቢያዎቹ ስፋት እንደ ጥይት ብዛት ይወሰናል፤ አጭሩ ከ12፣ መካከለኛው ከ24፣ ረጅሙ ከ32 ጥይት በላይ አይጠይቅም። ተወዳዳሪዎች ከመተኮሳቸው በፊት ባዶ እጃቸውን በጣቢያው ውስጥ ጥቂት ደቂቃዎች እንዲዘዋወሩ ይፈቀድላቸዋል። ልምድ ያለው ተኳሽ በእነዚህ ደቂቃዎች ከየትኛው ቦታ የትኛው ዒላማ እንደሚታይ፣ ካዝና የሚለውጠው በየትኛው እርምጃ ላይ እንደሆነ ወስኖ ዕቅዱን ዓይኑን ጨፍኖ እስኪደግመው ድረስ ያጠናል። በ15 ጥይት ካዝና 32 ጥይት ለመጨረስ ቢያንስ ሁለት ጊዜ መለወጥ ግድ ስለሆነ፣ ለውጡ የሚከናወነው ቆሞ ሳይሆን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላው በሚኬድበት ጊዜ መሆን አለበት።

ተራው የደረሰ ተወዳዳሪ የሚሰማቸው ትዕዛዞች በዓለም አቀፍ ውድድሮች በእንግሊዝኛ የሚነገሩ ናቸው። «ሎድ ኤንድ ሜክ ሬዲ» ሲባል ሽጉጡን አጉርሶ ይዘጋጃል፤ ከዚህ ትዕዛዝ በፊት ሽጉጡን መንካት አይፈቀድለትም። «አር ዩ ሬዲ» ተብሎ ሲጠየቅ ካልተዘጋጀ አለመዘጋጀቱን መናገር አለበት፤ ዝም ካለ እንደተዘጋጀ ይቆጠራል። «ስታንድባይ» ከተባለ በኋላ ከ1 እስከ 4 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ የሰዓት መቁጠሪያው ድምፅ ያሰማል። መሣሪያው የተኩሱን ድምፅ እየያዘ የመጨረሻው ጥይት የተተኮሰበትን ጊዜ ይመዘግባል። ሲጨርስ ሽጉጡን አራግፎ ባዶነቱን ለዳኛው ያሳያል፤ ከዚያም ምላጩን ስቦ ወደ ማህደሩ ይመልሳል። ዳኛው «ሬንጅ ኢዝ ክሊር» እስኪል ድረስ ማንም ወደ ዒላማዎቹ አይሄድም።

የስፖርቱ ዋናው ቁም ነገር ያለው በደኅንነት ደንቡ ላይ ነው። ተወዳዳሪዎች ከዳኛ ትዕዛዝ ውጪ ሽጉጣቸውን ባዶና በማህደር እንዳለ ይዘው ይንቀሳቀሳሉ። ሽጉጡን ለመመልከት ወይም ለማስተካከል የሚፈልግ ሰው ለዚሁ ወደተከለለው የደኅንነት ስፍራ ይሄዳል፤ በዚያ ስፍራ ጥይት መንካት ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ የልምምድ ጥይትም ቢሆን። አፈሙዙ ከተኳሹ ፊት ለፊት ወደ ግራም ሆነ ወደ ቀኝ ከ90 ዲግሪ በላይ ከዞረ፣ ሳይታሰብ ጥይት ከተተኮሰ፣ በሚተኩስበት ጊዜ ሽጉጡ ከእጁ ከወደቀ፣ ካዝና ሲለውጥ ወይም ሲራመድ ጣቱ ምላጩ ላይ ከተገኘ ተወዳዳሪው ወዲያውኑ ከውድድሩ ይሰረዛል። ይቅርታ ወይም ማስጠንቀቂያ የለም፤ የዓለም ሻምፒዮንም ቢሆን ዕቃውን ሰብስቦ ይወጣል። ብዙ ጀማሪዎች የማያውቁት አንድ ነገር አለ፦ በእረፍት ጊዜ ባዶ ሽጉጥ ከማህደር ቢወድቅ መውደቁ ብቻውን አያሰርዝም፤ የሚያሰርዘው ባለቤቱ ራሱ ጎንበስ ብሎ ማንሳቱ ነው። በዚያ ጊዜ ባለበት ቆሞ ዳኛ መጥራት ይገባል፤ የሚያነሳውም ዳኛው ነው።

ለአዲስ ሰው ቀኝ እጁን ለለመደ ተኳሽ ወደ ግራ እየሮጡ ካዝና መለወጥ በጣም አስቸጋሪው ክፍል ነው፤ አፈሙዙ ሳይታወቅ ወደ ኋላ ይዞራልና። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ውድድሮች በሩጫ ፈንታ በእርምጃ መሄድ፣ ውጤትን ትቶ ሳይሰረዙ መጨረስን ግብ ማድረግ ይመከራል። ጀማሪ መሆንን አስቀድሞ ለዳኛው መናገርም አያሳፍርም፤ ዳኛው ቀረብ ብሎ ይከታተለዋል። በተለያዩ አገሮች ደግሞ ማንኛውም ሰው ከመወዳደሩ በፊት የደኅንነት ሥልጠና ወስዶ ፈተና ማለፍ ግዴታ ነው።

ልምምዱ በአብዛኛው ጥይት አይፈልግም። ሽጉጡ ባዶ መሆኑ ደጋግሞ ከተረጋገጠና ጥይት ከክፍሉ ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ ከማህደር ማውጣትን፣ ካዝና መለወጥንና ከአንድ ዒላማ ወደ ሌላው ዓይንን ማሻገርን በቤት ውስጥ በየቀኑ ለአሥር ወይም ለአሥራ አምስት ደቂቃ መደጋገም ይቻላል። ከ1999 እ.ኤ.አ. የሴቡ የዓለም ሻምፒዮና ጀምሮ በተደጋጋሚ የዓለም አሸናፊ የሆነውን ፈረንሳዊ ኤሪክ ግሮፌልን የመሰሉ ተኳሾች ሲወዳደሩ የሚታየው አንዳች የሚያስገርም የእጅ ፍጥነት ሳይሆን የማይባክን እንቅስቃሴ ነው።

በውድድሩ ቀን 150 ያህል ጥይት፣ ውኃና ኮፍያ ይዞ መገኘት ያስፈልጋል። ተወዳዳሪዎች በቡድን በቡድን ተከፍለው ከጣቢያ ወደ ጣቢያ የሚዘዋወሩ ሲሆን፣ አንዱ ከተኮሰ በኋላ ሌሎቹ የካርቶኖቹን ቀዳዳ በወረቀት ይለጥፋሉ፤ የወደቁትን ብረቶችም ያነሳሉ። ይህ ሥራ ለሁሉም እኩል ነው። የራሱን ተራ ተኩሶ ጥላ ሥር የሚቀመጥ አዲስ ሰው ከስህተቱ ይልቅ በስንፍናው ይታወቃል።

በአሜሪካ የኮንፌዴሬሽኑ ተወካይ በሆነው ማኅበር አባል የሆነ ጀማሪ በመላ አገሪቱ በአንድ ዓይነት ሁኔታ የሚዘጋጁ የደረጃ መለኪያ ጣቢያዎችን ይተኩሳል። ቢያንስ አራት ውጤት ሲኖረው ከምርጥ ተኳሾች ውጤት ጋር በመቶኛ ተነጻጽሮ ደረጃ ይሰጠዋል። ከ40 በመቶ በታች ያገኘ ዲ፣ ከ40 እስከ 60 ሲ፣ እስከ 75 ቢ፣ እስከ 85 ኤ፣ እስከ 95 ማስተር፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ግራንድ ማስተር ይባላል።