የፎገራ ጓያና የፕሮፌሰር ረዳ ጥናት፦ ስንት ሰው ጠቀሰው? ስንት ሰው ሰማው?

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። አሁን ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። «ቲቸር፣ የማዕረግ እድገት ልጠይቅ ብዬ ሳይቴሽኔ ትንሽ ሆነብኝ» አለኝ። ሳይቴሽን ማለት፣ ለማታውቁት፣ አንድ ሰው የጻፈውን ጥናት ሌሎች ተመራማሪዎች ስንት ጊዜ እንደጠቀሱት የሚቆጠርበት ነው። ለእሱ የነገርኩትን ለእናንተም ላካፍላችሁ፤ የእኛው የፎገራ ታሪክ ነውና። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ወረታ ያደገ ሰው ጓያን ያውቀዋል። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። ውሃው ሲሸሽ ጥቁሩ አፈር እርጥበቱን ይዞ ይቆያል፤ ጓያ በዚያችው እርጥበት ይበቅላል። ሌላው እህል ሲከዳ እሱ አይከዳም። የክፉ ቀን እህል ነው።

ግን ዋጋ ያስከፍላል። ልጅ ሆኜ በሰፈራችን በሁለት ዱላ የሚሄዱ ሰው ነበሩ። ጉልበታቸው ታጥፎ፣ እግራቸው እንደ መቀስ እየተጠላለፈ፣ በጣታቸው ጫፍ ይራመዱ ነበር። አእምሯቸው ግን ብሩህ ነው፤ ለጎረቤት ደብዳቤ የሚያነቡት እሳቸው ነበሩ። «ምን ሆነው ነው?» ብለን ስንጠይቅ ትልልቆቹ «ጓያ ነው» ይሉናል። «እርግማን ነው» የሚልም አይጠፋም።

ይህን የሰፈር ወሬ ወደ ሳይንስ ካመጡት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ናቸው፤ ከአገራችን የመጀመሪያዎቹ የነርቭ ሐኪሞች አንዱ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ያስተማሩ። ባዶ ሜዳ ላይ አልጀመሩም። በ1964 የሕንድ ተመራማሪዎች በጓያ ውስጥ ያለውን የነርቭ መርዝ ለይተው ነበር። በ1978 የኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል በአገራችን ስለተነሳ ወረርሽኝ አትሟል። በ1986 ፒተር ስፔንሰርና ባልደረቦቹ መርዙን በጦጣዎች ላይ ፈትነው ውጤቱን አሳተሙ። ከዚያ ፕሮፌሰር ረዳ፣ ስፔንሰርንም ጨምሮ ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ ደምቢያንና ፎገራን አጠኑ። ጥናቱ በ1990 በኢንተርናሽናል ጆርናል ኦቭ ኤፒዲሚዮሎጂ ታተመ። በዚያው ዓመት ከቡታጅራ ሌላ ሥራቸው ወጣ፦ 60,820 ሰው ቤት ለቤት ታይቶ 316 ሰው የሚጥል በሽታ እንዳለበት የተመዘገበበት።

አሁን ወደ ሳይቴሽኑ እንምጣ። የፈረንጅ የምዝገባ ሥርዓት የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም ነው ብሎ ይወስዳል። እኛ ደግሞ የምንጠራው በራሳችን ስምና በአባታችን ስም ነው። ስለዚህ የፕሮፌሰሩ አንዳንድ ጽሑፍ «ተክለሃይማኖት ረ.» ተብሎ ተመዘገበ፤ የፎገራው ጥናት ግን «ሃይማኖት ረ.ተ.» ተባለ። ለኮምፒዩተሩ እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው!

በ2005 ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ኤች ኢንዴክስ የሚባለውን መለኪያ አመጣ። 20 ጽሑፎችህ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ ከተጠቀሱ ቁጥርህ 20 ነው። ስምህ ለሁለት ከተከፈለ ግን ቁጥሩም አብሮ ይከፈላል። ስንቱ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ በዚህ ሰበብ አንሶ ታይቶ ይሆን?

ይሁንና መጠቀስ ከንቱ ነገር አይደለም። በ1999 ኃይለኢየሱስ ጌታሁን፣ ፕሮፌሰር ረዳና ቤልጂየማዊው ፈርናንድ ላምባይን ሆነው ስለ ደላንታ ዳውንት ወረርሽኝ ላንሴት ላይ ጻፉ። በ2005 ደግሞ የእነ ኃይለኢየሱስ ጥናት ማዕድ ቤት ገባ፦ ጓያ በቆሎ መልክ ተቆልቶ፣ በንፍሮ መልክ ተቀቅሎ ወይም እሸቱ በጥሬው ሲበላ አደጋው ይጨምራል፤ ከሌላ እህል ጋር ሲደባለቅና ቅመም ካለው ወጥ ጋር ሲበላ ይቀንሳል። አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ቆሞ እዚህ ደረሰ። የሳይቴሽን ትርጉሙ ይኼ ነው።

ባለፈው ዓመት ወረታ ገበያ ጓያ የምትሸጥ አንዲት ወጣት አገኘሁ። እንዴት እንደሚበሉት ጠየቅኳት። «እሸቱንማ ልጆቹ እዚያው ማሳው ላይ ይጨርሱታል» አለችኝ እየሳቀች። ስለ ጥናቱ ሰምታ አታውቅም። ከየት ትስማ? የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ጥናቱ አገር ለአገር ሲጠቀስ ኖሮ እሷ ጋ አልደረሰም።

ለተማሪዬ ሁለት ነገር አልኩት። አንደኛ፣ ስምህን በሁሉም ጽሑፍህ ላይ አንድ ዓይነት አድርገህ ጻፍ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱን ጥናትህን በአማርኛ በሁለት ገጽ ጽፈህ ላጠናኸው ቀበሌ ስጥ። ለማዕረግ አይቆጠርልህም፤ ግን ስጥ።

ወረታና ፎገራ ላላችሁ፦ ትንሽ ጓያ መብላት ያሽመደምዳል አላልኩም። ክፉው ነገር ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ነው። በሽታው አንዴ ከያዘ ደግሞ መድኃኒት የለውም። ስለዚህ ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሉት፤ ልጆቹን ከእሸቱ አቅቡ። ለእናቶቻችሁ፣ ለእህቶቻችሁ ንገሩ። በሁለት ዱላ የሚሄድ ሰው የምታስታውሱ ካላችሁም ታሪኩን ጻፉልኝ።