የ«ስታር ትሬክ፦ ዘ ኔክስት ጀነሬሽን» ብሉ ሬይ፦ ከክፍሎቹ ሌላ ዲስኩ ላይ ምን አለ?

«ኢንተርኔት ላይ ሁሉም ነገር እያለ አሁንም ዲስክ የሚገዛ ሰው አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣልኛል። አለ። ለምን እንደሚገዛ ግን በደፈናው ከማወራ በአንድ ተከታታይ ፊልም ላስረዳችሁ።

«ዘ ኔክስት ጀነሬሽን» በፈረንጆቹ ከ1987 እስከ 1994 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየ የሳይንስ ልብወለድ ድራማ ነው። 7 ሲዝን፣ 178 ክፍል አለው። ካፒቴን ፒካርድን የሚጫወተው ፓትሪክ ስቱዋርት ነው። መሐንዲሱ ጆርዲ ደግሞ ሌቫር በርተን ነው፤ አዎ፣ በ1977 «ሩትስ» ላይ ወጣቱን ኩንታ ኪንቴን የሆነው ሰውዬ።

አሁን ችግሩን ስሙት። ተከታታዩ የተቀረጸው በ35 ሚሊሜትር ፊልም ነው፤ ጥራቱ የሲኒማ ነው። ነገር ግን ገንዘብና ጊዜ ለመቆጠብ ፊልሙን ወደ ቪዲዮ ካሴት ገልብጠው፣ ቆርጦ መቀጠሉንም ሆነ የጠፈር መርከቧን ትርኢት በሙሉ የሠሩት ካሴቱ ላይ ነው። ስለዚህ ያለቀለት ሥራ የሚገኘው በዚያ ዘመን የቴሌቪዥን ጥራት ብቻ ነበር። ትልልቅ ስክሪኖች ሲመጡ ፊት ሁሉ ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ካሴቱን መለጠጥ ደግሞ መፍትሔ አይሆንም፤ መጀመሪያውኑ የሌለ ነገር ከየት ይመጣል?

ባለቤቱ ሲቢኤስ መጋዘን ገብቶ ኔጋቲቩን አወጣ። ከ25,000 በላይ ጥቅል! እያንዳንዱን ክፍል እንደ አዲስ ቆርጠው ቀጠሉት። የመርከቧ ሞዴል ለአንድ ትርኢት ብዙ ጊዜ ነው የሚቀረጸው፤ አንዴ ለአካሏ፣ አንዴ ለመስኮቶቿ መብራት፣ ወዘተ። እነዚያን ቁርጥራጮች አንድ በአንድ ፈልገው መልሰው አነባበሯቸው። የመጀመሪያው ሲዝን በሐምሌ 2012፣ የመጨረሻው በታኅሣሥ 2014 ወጣ። የመጀመሪያው ሲዝን ላይ ያለው «ኢነርጃይዝድ!» የሚባለው ዘጋቢ ፊልም ይህንን ሥራ ከነድካሙ ያሳያል። እኔ ኤርፖርት ተራ እየጠበቅኩ በላፕቶፕ ጀምሬው ነበር፤ ኋላ ግን በትልቅ ስክሪን ካልታየ አይገባም ብዬ ቤት ጨረስኩት።

ከተጨማሪዎቹ ሁሉ የምበልጠው ብዬ የማስቀምጠው ሁለተኛው ሲዝን ላይ ያለው ነው። «ዘ ሜዠር ኦቭ ኤ ማን» የሚባል በ1989 የታየ ክፍል አለ። ዴታ የሚባለውን ሰው መሰል ማሽን አንድ ሳይንቲስት ሊበታትነው፣ አሠራሩን ሊያጠናው ይፈልጋል። ዴታ እምቢ ይላል፣ ሥራዬን እለቃለሁ ይላል። «አንተ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነህ፣ ንብረት ደግሞ ሥራ አይለቅም» ይሉታል። ጉዳዩ ችሎት ይቀርባል። ሁፒ ጎልድበርግ የምትጫወታት ጋይናን ለካፒቴኑ ነገሩ ከባርነት እንደማይለይ የምታስረዳበት ቦታ አለ፤ ቃሉን ሳትጠራ ነው የምታደርሰው። ዓረብ አገር ያላችሁ እህቶቼ፣ ፓስፖርት በአሠሪ እጅ ሲያዝ ምን እንደሚመስል ለምታውቁት፣ ይህን ክፍል እኔ ላስረዳችሁ አይገባም።

ታዲያ ይህ ክፍል መጀመሪያ ሲቆረጥ ረዝሞ ነበር። ለቴሌቪዥን ሰዓት ሲባል ብዙ ደቂቃ ወጣለት። ረዥሙ ቅጂ የተረፈው የት መሰላችሁ? ደራሲዋ ሜሊንዳ ስኖድግራስ ጋ፣ በቪኤችኤስ ካሴት! የብሉ ሬዩ አዘጋጆች ያንን ካሴት እንደ ካርታ ይዘው ኔጋቲቩን እየፈለጉ ወደ 57 ደቂቃ የሚሆን አዲስ ጥርት ያለ ቅጂ ሠሩ። ሌላም ቅጂ ጨምረዋል፤ ጥርት ያለው ምስልና የካሴቱ ደብዛዛ ምስል እየተፈራረቁ፣ የተቆረጠው የት ላይ እንደነበር በዓይን ይታያል። አንዲት ሴት ካሴቷን ባትጥለው ኖሮ ይህ የለም።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው። እዚያው ሁለተኛው ሲዝን ላይ ተዋንያኑ ከ25 ዓመት በኋላ ተሰባስበው ያወራሉ፤ ሳቅ ነው። ሦስተኛው ሲዝን ላይ ደራሲዎቹ እነ ሮናልድ ሙርና ብራነን ብራጋ ከሴት ማክፋርሌን ጋር ተቀምጠው የሥራ ክፍላቸውን ትግል ያነሳሉ። ሙር ማለት እኮ እንደ ጎብኚ ስቱዲዮውን ሊያይ ሄዶ የጻፈውን ድርሰት አቀብሎ በዚያው ደራሲ ሆኖ የቀረ ነው። ተዋንያን ሲሳሳቱ የሚያሳዩት ቁርጥራጮች ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ አንዴ ከታዩ ይበቃሉ።

ወደ ጥያቄው ስንመለስ፣ ስትሪሚንግ ላይ ክፍሎቹን ታገኛላችሁ፤ ዘጋቢዎቹንና ረዥሙን ቅጂ ግን ብዙውን ጊዜ አታገኙም። በዚያ ላይ ኮንትራት ሲያልቅ ፊልሙ ከአንዱ መድረክ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ መደርደሪያችሁ ላይ ያለውን ዲስክ ግን ማንም አያነሳውም። ቀጥሎ የመጣው «ዲፕ ስፔስ ናይን» ያው በፊልም ተቀርጾ በካሴት የተጠናቀቀ ነው፤ እንዲህ ያለ ሙሉ እድሳት ግን አላገኘም። የዲስክ ገበያ ሲቀዘቅዝ ለዚያ የሚከፍል ጠፋ። ስለ እሱ የተሠራው «ዋት ዊ ሌፍት ቢሃይንድ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም ከአድናቂዎች በተዋጣ ገንዘብ የተወሰኑ ትርኢቶችን ብቻ አጥርቶ አሳይቷል።

ለዘመድ ዲስክ የምትልኩ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ዲቪዲ በአገር ተከፋፍሎ ነው የሚሸጠው፤ አሜሪካና ካናዳ 1፣ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ 2፣ ኢትዮጵያ 5። ብሉ ሬይ ላይ አሜሪካ ኤ ሲሆን አውሮፓ፣ አፍሪካና ዓረብ አገር ቢ ናቸው። ሁሉም ዲስክ አይቆለፍም፣ ግን ከዋሽንግተን ዱባይ ከመላካችሁ በፊት የሽፋኑን ጀርባ ገልብጣችሁ ምልክቱን እዩ።