የበቅሎ አጎትና የቦረና ላም

በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባላል። ስንተርትባት ኖረናል። ግን እስቲ ፍረዱኝ፤ በቅሎ ምን ዋሸች? እናቷ ባዝራ ናት፣ አባቷ አህያ። የባዝራዋ ወንድም ፈረስ ከሆነ አጎቷ ነው! ጥፋቷ አባቷን ዘልላ አጎቷን መጥራቷ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን የእሷ ብቻ አይደለም። ዘሩን ሲቆጥር የሚዘልለው ሰው የሌለው ማን አለ?

ይህ ተረት ትዝ ያለኝ ከያቤሎ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኮንሶ አቅጣጫ ባለችው ተልተሌ፣ ከብት ተራ ውስጥ ቆሜ ነው። አንድ ሽማግሌ ሻኛው የተቆለለ ነጭ ኮርማና አንዲት አጠር ያለች ጊደር ይዘው ቆመዋል።

«አባባ፣ ይሄ ንጹሕ ቦረና ነው?» አልኳቸው።

«ቆርቲ ነው ልጄ» አሉና በዱላቸው ወደ ጊደሯ ጠቆሙ። «ይቺ ግን የድርቅ ናት።»

ቆርቲ የሚሉት ግዙፉን የቦረና ከብት ነው፤ አነስ የሚለውን አዩና ይሉታል። «የድርቅ ናት» ማለታቸው ግን አልገባኝም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ድርቅ ከብቱን ሲጨርሰው አርብቶ አደሩ ባዶ በረት ይዞ አይቀመጥም። ከጎረቤት ደጋ፣ ዋጋቸው የሚቀምሱ ትናንሽ ላሞች ገዝቶ ይመጣል። የጊደሯ አያት እንዲያ የመጣች ነበረች።

ለመሆኑ የተለያዩ እንስሳት ይዳቀላሉ? እንደ እንስሳቱ ነው። በግና ፍየል አንድ በረት እያደሩ አብረው ያረጃሉ እንጂ በሕይወት የሚቆይ ግልገል አያገኙም ማለት ይቻላል። የፍየል ክሮሞዞም 60፣ የበግ 54 ነው። ፈረስ 64፣ አህያ 62 አላቸው፤ ልጃቸው በቅሎ ደግሞ 63። ይህ ቁጥር ጥንድ ጥንድ ሆኖ መከፈል ስለሚቸግረው፣ በቅሎ ከብርቅ አጋጣሚ በቀር አትወልድም። እንግዲህ በቅሎ የፈለገ ሰው ባዝራና አህያ ማርባት አለበት። ከበቅሎ በቅሎ አይገኝም። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

የከብት ነገር ሌላ ነው። ሻኛ የሌለው ከብት የዛሬ 10,000 ዓመት ገደማ በመካከለኛው ምሥራቅ ለማዳ ሆነ። ሻኛ ያለው ደግሞ የዛሬ 8,000 ዓመት ገደማ በኢንዱስ ሸለቆ አካባቢ። የዱር ቅድመ አያቶቻቸው ከተለያዩ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ስላለፉ፣ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ሆኖም ሁለቱም 60 ክሮሞዞም አላቸው፤ ይዳቀላሉ፣ ልጆቻቸውም ይወልዳሉ።

ተልተሌ ገበያ ላይ «ንጹሕ» ያልኩት ኮርማስ? እሱም የዚሁ ድብልቅ ውጤት ነው! ከእናት ብቻ የሚወረሰው የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ሲመረመር፣ ሻኛ ያላቸው የአፍሪካ ከብቶች ሳይቀሩ የእናት ዘራቸው ሻኛ ከሌላቸው ከብቶች ሆኖ ተገኝቷል። ሻኛው የመጣው በአባት በኩል፣ ከምሥራቅ ባሕር ተሻግረው ከመጡ ኮርማዎች ነው። የቦረና ከብትም አጎቱን እየጠራ የኖረ ዲቃላ ነው ማለት ነው።

ዲቃላ! ሰው ልንሰድብ ስንፈልግ የምናነሳት ቃል። ወተት ሲያምረን ግን «የዲቃላ ላም የት ይገኛል?» እያልን እንዞራለን።

የወተቱ ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና የመልሶ ማቋቋሚያ ድርጅት 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች ለኢትዮጵያ ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ደግሞ አርሲ ውስጥ የማዳቀሉን ሥራ ወደ ገበሬው ደጃፍ አወረደው። በዝዋይ ሐይቅ አቅራቢያ ባለው የአበርኖሳ እርባታ የቦረና ላሞች ከፍሪዥያን እየተዳቀሉ ጊደሮች ለገበሬ ይከፋፈሉ ነበር። ለዚህ ሥራ እናት የምትሆን የቦረና ጊደር ከየት ትምጣ? ያቤሎ አጠገብ ያለው የዲድ ቱዩራ እርባታ የተቋቋመው ዘሩን ለመጠበቅና እንዲህ ያሉ ጊደሮችን ለማቅረብ ነው።

ለምን ቦረና ተመረጠች? በበጋ ውኃ በሦስት ቀን አንዴ ጠጥታ ትውላለች፣ በሙቀት ሩቅ ትሄዳለች፣ ከስታ ከስታ ዝናብ ሲመጣ ታገግማለች። የፈረንጅ ላም ወተቷ እንደ ምንጭ ነው፤ ነገር ግን ፉርሽካ፣ ፋጉሎና ሐኪም ትፈልጋለች። የመጀመሪያው ትውልድ ዲቃላ ከሁለቱም ደህናውን ይወስዳል። የፈረንጁ ደም እየበዛ ሲሄድ ግን ሙቀትና በሽታ የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል፤ ዲቃላ ከዲቃላ ሲወለድም ያ የመጀመሪያው ጉልበት እኩሌታው ይጠፋል። አያችሁ? የወተት ላማችንም ከበቅሎ ብዙ አልራቀችም። ትወልዳለች፣ ግን ራሷን አትተካም። እናቲቱ ቦረና ካለቀች፣ ዲቃላዋም ታልቃለች።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ይኸው ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን፣ ደስታ የሚባለው በሽታ የሀገሪቱን ከብት ጠራርጎ ሲወስድ፣ ከዳነው ጥቂት ዘር መልሶ ለማርባት ረጅም ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከሽፉ ግን ቦረና በሚሊዮን የሚቆጠሩ እንስሳት አጣች። ድርቁ ሲመላለስ የመልሶ ማርቢያው ጊዜ አጠረ፤ የበረቱ ክፍተት የሚሞላውም በተገኘው ከብት ሆነ። የጥንቱን ድብልቅ ቦረና ያደረገው በሺህ ዓመታት የአርብቶ አደሩ ምርጫና የድርቁ ፈተና ነበር። የዛሬውን ግን የሚመርጠው ችግር ነው።

የሚገርመው፣ ባሕር ማዶ ዘሩ ክብር አለው። ኬንያ ያሉ አርቢዎች እ.ኤ.አ. በ1951 የቦራን አርቢዎች ማኅበር አቋቁመው መዝገብ ይዘውለታል፤ ከዚያ ወዲህ ጽንሱ በረዶ ውስጥ ሆኖ እስከ አውስትራሊያ ተጉዟል። ይሁን እንጂ ያ በሌላ መስክ፣ ለሌላ ገበያ የተመረጠ ነው። በቦረና ጥማት የተፈተነው እዚሁ በረት ውስጥ ነው ያለው። መደባለቅን እንከልክል አልልም፤ የራበው ሰው ከደጋ ላም ቢገዛ ማን ይከሰዋል? ግን ከድርቅ በኋላ የሚሰጠው እርዳታ የተረፉትን ቆርቲ ኮርማዎችና ላሞች መኖ ሰጥቶ ማቆየትን፣ መልሶ ማርባትንም ቢጨምር ምን ነበር?

ሽማግሌውን «ኮርማውን ስንት ይሸጡታል?» አልኳቸው።

«ጊደሯን ግዛኝ። እሱ የመጣው ለመታየት ነው» አሉ። ቀጥለው የኮርማውን እናት፣ የእናቱን እናት፣ የእሷንም እናት በየስማቸው ቆጠሩልኝ። ወደ ጊደሯም ዞረው እንዲሁ ቆጠሩ። ከደጋ የተገዛችው አያቷ ጋ ሲደርሱ አልዘለሏትም። «እሷም በዚያ ክረምት ልጆቼን በወተቷ አሳድራልኛለች» አሉኝ።