ድሬ ሲመሽ የምትበረው ማናት?

ቲክቶክ ላይ ከዛፍ ዛፍ «የምትበር» ስኩዊረል አይታችሁ ይሆናል። እውነቱን እንንገራችሁ፦ አትበርም። ከፊት እግሯ እስከ ኋላ እግሯ ያለውን ቆዳ እንደ ጃንጥላ ዘርግታ፣ በጭራዋ ሚዛን እየጠበቀች ቁልቁል ትንሳፈፋለች። ወደ 50 የሚጠጉ ዝርያዎች አሏት፤ አፍሪካ ውስጥ ግን የለችም።

እኛ ድሬ ላይ ሲመሽ ከዛፎቹ በላይ የምናያት የሌሊት ወፍ ግን የእውነት ትበራለች። ስሟ ነው እንጂ ወፍ አይደለችም፤ ትወልዳለች፣ ታጠባለች። ከአጥቢ እንስሳት ክንፍ እያራገበች የምትበር እሷ ብቻ ናት። ክንፏም በረዣዥም ጣቶቿ መሀል የተወጠረ ቆዳ ነው።

ብዙዎቹ ዝርያዎች ትንኝና ሌሎች ነፍሳት ስለሚበሉ አትግደሏት። ወድቃ ካገኛችኋት ግን በባዶ እጅ እንዳትነኳት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ልታስተላልፍ ትችላለች። ከነከሰቻችሁ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና እጠቡና ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ።