የደማስቆ መንገድ አቀበትና የካምቢዮ ዘይት

ፉርን ኤል ሸባክን የምታውቁ እህቶች የደማስቆን መንገድ ታውቁታላችሁ። ዳቦና የስልክ ካርድ የምንገዛበት፣ ሰርቪስ የምንይዝበት፣ ለወረቀት ጉዳይ ወደ ሐዝሚዬ ወደ ቆንስላችን የምንወጣበት ያው መንገድ ነው። ብዙዎቻችን የሰፈር መንገድ ብቻ ይመስለናል እንጂ፣ ዝም ብለው ቢነዱበት ተራራውን ተሻግሮ፣ ቤካ ሸለቆ ወርዶ፣ ድንበር አልፎ ደማስቆ ይገባል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አቀበቱ ነው። ከበቅሎ እስከ ፒክአፕ ጭነት ይዞ የወጣበት ሁሉ እንዴት ትንፋሽ ሲያገኝ እንደኖረ አወራለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መንገዱ ከባሕሩ ተነስቶ አሌይን፣ ብሐምዱንንና ሶፋርን እያለፈ ዳህር ኤል ባይዳር የሚባለው አናት ላይ ሲደርስ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብሏል። ይህን ሁሉ የሚወጣው 40 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ ነው። ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን ያለውን አቀበት በአውቶቡስ የወጣች እህት ምን ማለት እንደሆነ ይገባታል። እዚያ የጭነት መኪና ረዳት ታኮ ይዞ ዘሎ ወርዶ ከኋላ ጎማ ስር ሲወትፍ፣ ሾፌሩም ኮፈን ከፍቶ ሞተሩ እስኪበርድ ሲጠብቅ አይተናል። ተራራ ጭነት ያለበትን ሁሉ ያሞቃል፤ የሞቀ ነገር ደግሞ ካልበረደ ይሰበራል።

ከ1859 በፊት በዚህ ተራራ ላይ ሠረገላ የሚሄድበት መንገድ አልነበረም። ዕቃው የሚጫነው በእንስሳት ጀርባ ነበር፤ ከቤሩት ደማስቆ በበቅሎ ሦስት አራት ቀን ይፈጃል። በ1857 ኤድሞን ደ ፔርቱዊ የተባለ ፈረንሳዊ ከኦቶማን መንግሥት ፈቃድ አገኘ። ኩባንያው በ1859 ሥራ ጀምሮ በ1863 መንገዱን ከፈተ። ከዚያ በኋላ የመንገደኛ ሠረገላ በ13 ሰዓት ገደማ ደማስቆ ይገባ ጀመር። ይህ የሆነው ፈረሶቹ ከሌላ አገር ፈረስ ስለበለጡ አይደለም። በመንገዱ ላይ ጣቢያዎች ተሠርተው ነበር፤ ሠረገላው ሲደርስ የደከሙት ፈረሶች ይፈታሉ፣ ያረፉት ይጠመዳሉ። ኩባንያው ይህን ያደረገው ለፈረስ አዝኖ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። ያላረፈ ፈረስ መንገድ ላይ እንደሚወድቅና ገንዘቡም አብሮ እንደሚወድቅ ስላሰላ ነው።

በ1895 ባቡር መጣ። የእኛው የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ ከመግባቱ 22 ዓመት በፊት ማለት ነው። ከቤሩት ደማስቆ 147 ኪሎ ሜትር ነበር። ተራ ባቡር እንዲህ ያለ አቀበት ላይ ጎማው ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ዳገቱ በበረታባቸው ቦታዎች በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ጥርስ ያለው ብረት ተዘረጋ። ከባቡሩ ስር ያለው ጥርሳም ጎማ ያንን እየነከሰ ይወጣል። ስልቱን የፈለሰፈው ካርል ሮማን አብት የሚባል የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ነው። ባቡሩ ቀስ ብሎ ነበር የሚሄደው፤ ግን ጭነቱን ያደርስ ነበር።

ኤፕሪል 13 ቀን 1975 ከሰፈራችን ጎን ባለችው በአይን ኤል ረማኔ ፍልስጤማውያን የተሳፈሩበት አውቶቡስ ላይ ተኩስ ተከፈተ፤ የእርስ በርስ ጦርነቱ መነሻ ተብሎ የሚነገረው ይህ ቀን ነው። ጦርነቱ እስከ 1990 ሲቆይ፣ የደማስቆ መንገድ ከተማው ውስጥ ምሥራቅና ምዕራብ ቤሩትን የሚለይ የተኩስ መስመር ሆነ። የተራራው ባቡርም በዚያው ቆመ፣ እስከ ዛሬም አልተመለሰም። በ2006 ጦርነት ደግሞ የአዲሱ አውራ ጎዳና ትልቁ ድልድይ፣ ሙዴሪጅ፣ በእስራኤል አውሮፕላን ተመታ፤ መኪናው ሁሉ ወደ ጠባቡ አሮጌ መንገድ ዞረ። እንግዲህ ማዳም «ከቤካ የመጣ ነው» ብላ የምታስከትፈን ድንችና ሽንኩርት ሁሉ ዛሬ ይህን ተራራ የሚሻገረው በጭነት መኪናና በፒክአፕ ነው።

ብዙዎቹ ፒክአፖች አሮጌ ናቸው፤ ከአሜሪካ በመርከብ የመጡትም አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላቸው ናቸው። ስለ ስሞቹ አንድ ነገር ልበል። የአገራችን መካኒክ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ ሲል የሚናገረው ጣሊያንኛ ነው። የሊባኖሱ መካኒክ ደግሞ ካምቢዮውን ቪቴስ፣ ፍሪሲዮኑን ዶብሪያጅ፣ ካንዴላውን ቡጂ ይላል፤ የእሱ ፈረንሳይኛ ነው። ጣሊያን ከ1936 እስከ 1941 እኛ ጋ ነበረች፤ ፈረንሳይ ከ1920 እስከ 1943 እዚህ ገዝታለች። ሁለቱም ሄዱ፣ ቃላቸው ግን ጋራዥ ውስጥ ቀረ።

አውቶማቲክ ካምቢዮን በብዛት ሠርቶ ለገበያ ያቀረበው የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ነው። ሃይድራማቲክ ይባል ነበር፤ በ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል ላይ ወጣ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ታንክ ውስጥ ገባ። ፍሪሲዮን የሚረገጥ የለውም። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ሁለት ቬንቲሌተር ፊት ለፊት ዘይት ውስጥ ተቀምጠዋል በሉ። አንዱን ሞተሩ ያዞረዋል፣ እሱ ዘይቱን ይገፋል፣ ዘይቱ ሌላውን ያዞራል። ሜዳ ላይ ሁለቱ እኩል ሊዞሩ ይቃረባሉ። ከባድ ጭነት ይዞ ቀስ እያለ አቀበት ሲወጣ ግን አንደኛው ይሮጣል፣ ሁለተኛው ይዘገያል፤ በመካከል ያለው ዘይት ይደበደባል። ድብደባው ሙቀት ነው። እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በዚህ ዘይት ውስጥ የዓሣ ነባሪ ዘይት ይጨመር ነበር፤ አሜሪካ ስትከለክለው ነው ሌላ የተፈለገው።

ክፋቱ ይህ ሙቀት አለመታየቱ ነው። ሾፌሩ ፊት ያለው የሙቀት መለኪያ የሚያሳየው የሞተሩን ውሃ ነው እንጂ የካምቢዮውን ዘይት አይደለም። ፋብሪካው የካምቢዮውን ዘይት የሚያቀዘቅዘው ቱቦውን በራዲያተሩ ውስጥ አሳልፎ ነው። የራዲያተሩ ውሃ ራሱ ግን 90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በሙቅ ውሃ ምን ያህል ማቀዝቀዝ ይቻላል? ዘይቱ 80 ወይም 90 ዲግሪ ላይ ቢቆይ ረጅም ዕድሜ አለው። ከ120 ሲያልፍ ማረር ይጀምራል፤ የጎማ ማሸጊያዎቹ ይደርቃሉ፣ በውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ሳህኖች ይንሸራተታሉ። መካኒኮች በልምድ የሚሉት፣ ከመደበኛው በላይ በየ10 ዲግሪው የዘይቱ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል ነው።

ይህን የተማርኩት በ2024 ጦርነት ጊዜ ነው። ከደቡብና ከዳሂዬ የሸሹ እህቶቻችን መጠለያ ተከልክለው መንገድ ላይ ሲያድሩ፣ ፍራሽና ውሃ የምናመላልሰው በአንድ ጎረቤታችን አሮጌ ፒክአፕ ነበር። አሞ እንለዋለን። አንድ ቀን ወደ አሌይ ስንወጣ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው አይሄድም። መለኪያው መሃል ላይ ነው፤ ምንም አያሳይም። የካምቢዮው ዘይት ሲታይ ቀይ መሆኑ ቀርቶ ቡናማ ሆኗል፣ እንደ አረረ ሽንኩርት ይሸታል። ደግነቱ ካምቢዮው አልሞተም። ሙዓለሙ ዘይቱንና ማጣሪያውን ቀየረ፤ «ተራራ ላይ ልትሠሩበት ከሆነ ትልቅ ማቀዝቀዣ ያስፈልገዋል» አለ።

አገጣጠሙን ቆሜ አየሁት። ማቀዝቀዣው ትንሽ ራዲያተር የሚመስል አሉሚኒየም ነው፤ ዘይቱ በውስጡ ሲሄድ ነፋስ በላዩ ያልፋል። ሙዓለሙ ከራዲያተሩ ፊት፣ ነፋስ እንዲገባበት ጥቂት ክፍተት ትቶ፣ በብረት መያዣ አሰረው። በቀጭኑ የአሉሚኒየም ክንፎች መሃል ፕላስቲክ አሾልኮ ማሰር ርካሽ ነው፤ ግን በመንቀጥቀጥ ብዛት አሉሚኒየሙን ይበሳዋል አለ። ከዚያ ከራዲያተሩ ወደ ካምቢዮው የሚመለሰውን ቱቦ ለይቶ ቆረጠ፤ ዘይቱ መጀመሪያ ራዲያተር፣ ቀጥሎ አዲሱ ማቀዝቀዣ፣ ከዚያ ካምቢዮ እንዲገባ አደረገ። የተጠቀመበት የጎማ ቱቦ ለካምቢዮ ዘይት የተሠራ ነው፤ የቤንዚን ቱቦ ሙቀቱን አይችልም። ቱቦው እንዳይታጠፍ፣ ከቬንቲሌተርና ከጭስ ማውጫም እንዲርቅ አድርጎ አሳለፈው።

በመጨረሻ ማቀዝቀዣው የሚይዘውን ያህል ዘይት ጨመረ። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ ከሞቀ በኋላ በመለኪያው ዘንግ አየው። በማግስቱ የቱቦው ጫፎች አለመንጠባጠባቸውን ድጋሚ ፈተሸ። በረዶ ባለበት አገር ደግሞ ዘይቱ ከመጠን በላይ መብረድ የለበትም፤ ዳህር ኤል ባይዳር በክረምት በበረዶ የሚዘጋ ቦታ ነው። ለዚህ ሲባል ዘይቱ እስኪሞቅ ማቀዝቀዣውን ዘልሎ የሚያሳልፍ ትንሽ ማስተላለፊያ ያላቸው አሉ። አንድ ማስጠንቀቂያም ሰጠን፦ የካምቢዮ ዘይት እንደ እንጆሪ ወተት ሮዝ ከሆነ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ቱቦ ተበስቶ ውሃ ገብቷልና መኪናውን ማንቀሳቀስ የለብንም።

እህቶቼ፣ ይህን ሁሉ ስማር ስለ መኪና ብቻ አላሰብኩም። ለፈረሱ ጣቢያ ተሠራለት፣ ለባቡሩ ጥርስ ተዘረጋለት፣ ለፒክአፑ ማቀዝቀዣ ተገዛለት። በዚያው መንገድ ዳር፣ በሰኔ 2020፣ አሠሪዎቻቸው ደመወዛቸውን ሳይከፍሉ ሐዝሚዬ ቆንስላ በር ላይ አውርደዋቸው የሄዱ እህቶቻችን ከነሻንጣቸው አስፋልት ላይ ተኝተዋል። በውስጥ የሚያርረው አይታይም፤ ማዳም የምታየው ቤቱ መጽዳቱን ነው።

ሕጉ ምን ይላል? የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ7ኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኛን ከጥበቃው አውጥቷታል። በ2009 አንድ ወጥ የሥራ ውል ወጣ። በመስከረም 2020 የሥራ ሚኒስቴር የተሻለ ውል አወጣ፤ በሳምንት 48 ሰዓት ሥራ የሚል፣ ሠራተኛዋም አሠሪ እንድትቀይር የሚፈቅድ ነበር። የኤጀንሲዎች ማኅበር ከሰሰና በጥቅምት የመንግሥት ምክር ቤት የሚባለው ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት አገደው።

የ2009ኙ ውል ግን በሳምንት ከ24 ያላነሰ ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት፣ በቀን ከ10 ሰዓት ያልበለጠ ሥራ፣ ሌሊት ደግሞ ቢያንስ 8 ሰዓት ዕረፍት ይላል። የተጻፈው በአረብኛ ስለሆነ ብዙዎቻችን ሳናነብ ነው የፈረምነው። ውላችሁ እጃችሁ ላይ ከሌለ ቅጂ ጠይቁ፤ ካለ አረብኛ የምታነብ እህት ፈልጋችሁ የዕረፍቱን ቦታ አስነብቡ። ዕረፍት ስትጠይቁ ውለታ እንደምትለምኑ አይሰማችሁ፤ ከፔርቱዊ ኩባንያ ጀምሮ በዚህ መንገድ ጭነት ያስጫነ ሁሉ የሚያውቀው ሒሳብ ነው።